እርጉዝ የጠፋበት ባሕር

በዓሣ ምርምር ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «አዋላጇ» ይላታል። አንድም የሰው ልጅ አዋልዳ አታውቅም። እንጀራዋ የዓሣ ሆድ መክፈት ነው። በቀጭን መቀስ ሆዱን ከታች ወደ ላይ ትተረትረዋለች፣ አንጀቱን ወደ ጎን ገፋ ታደርግና ከጀርባ አጥንቱ ሥር የተጋደሙትን ሁለት የእንቁላል ከረጢቶች አውጥታ ትመዝናለች። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብላ አይታ ፍርዷን ትሰጣለች፦ ይቺ ገና ልጅ ናት፣ ይቺ ቀኗ ደርሷል፣ ይቺ ተገላግላ ማረፏ ነው። ሥራው ይሸታል። ሽታው በሎሚ ቢሉት በሳሙና ከእጅ አይለቅም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከአጠገቧ ተነስቶ ቦታ ሲቀይር «ቢሮ ውዬ መምጣቴ ነው» ትላለች፤ የሚስቅላት ግን ጥቂት ነው።

ሙሽሪት የሚሏት ዓሣ ከመጣች ወዲህ ሌላ ዓሣ መክፈቱ ቀረ ማለት ይቻላል። ሙሽሪት ብለው የሰየሟት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር ናት፤ ክንፎቿን ዘርግታ፣ ቬሎዋ እንዳይቆሽሽባት የምትጠነቀቅ ይመስል ቀስ ብላ ነው የምትንሳፈፈው። የጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛው ላይ ተጋድማ ስታያት «እውነትም የእናት ሆድ ዥንጉርጉር!» ብላ አፏን ይዛ ቀርታለች። ከጀርባዋ ግን መርዘኛ እሾህ ተደርድሯል። የወጋችው ሰው እጁ አብጦ ሲያቃስት ያድራል።

የዚህ ባሕር ልጅ አይደለችም። በመርከብ ሆድ ውስጥ ከተጫነ ውሃ ጋር ነው የመጣችው የሚል አለ፤ አንዱ ሀብታም በመስታወት ገንዳ ሲያሳድጋት ሰልችቶት ባሕር ውስጥ ደፋት የሚልም አለ። እንግዳ ለመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ለሁለተኛው ብር፣ ለሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ይቺ እንግዳ መዳብ ሆናም አልወጣችም፤ የቤቱን ልጆች አንድ በአንድ ዋጠችና ባለቤት ሆነች። ትንሹን ዓሣ ሁሉ አፏን ከፍታ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። እሷን ደፍሮ የሚበላት ግን አልተገኘም።

መጀመሪያ ሰሞን ጣቢያው የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ሙሽሪት እዚሁ በእኛ ባሕረ ሰላጤ ትወልዳለች ወይስ ከሩቅ ማዕበል እየገፋ ያመጣታል? እዚሁ የምትወልድ ከሆነ ጠላቂዎችና ጀልባዎች ተሰማርተው ሳትበዛ ይለቅሟታል። ከውጭ የምትመጣ ከሆነ ግን እዚህ እሷን መልቀም ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። አዋላጇ ጀልባዎቹ ያመጡላትን ሙሽሪት ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትከፍት ኖረች። የሴቶቹ ከረጢት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ ቀጭን፣ ልፍስፍስ ያለ፣ ባዶ። ሆዷ የገፋ አንዲት እንኳ አልገጠማትም። «ልጆች ናቸው፤ እዚህ አይወልዱም» አለች። እንዳለችውም ተጻፈ። መልቀሙም ተተወ፣ ጠላቂዎቹም ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ገበያ መሄድ ይበቃል። የዓሣ መሸጫው ጠረጴዛ በየዓመቱ እየሳሳ መጣ። ድሮ በቅርጫት ይቸበቸብ የነበረው ትንሹ ብርማ ዓሣ ጠፋ፤ እሱን የሚበላው ትልቁም ተከትሎት ጠፋ። ሦስት ጀልባዎች ተሸጡ። አንዱ ባለጀልባ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሌላው አገር ለቆ ሄደ። ወጥመድ ሲሳብ የሚወጣው ሙሽሪት ብቻ ሆነ። አዋላጇ ይህን ሁሉ ታያለች፤ «ከውጭ እየጎረፈች ነው፣ ምን ይደረጋል?» እያለች ልቧን ታሳርፋለች።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ዶክተር ተቀየረላቸው። የዓሣ ዶክተር ነው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው የማይቆጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ያየ አለ?» እያለ ጣቢያውን የሚያስስ ሰው ነው። በመጣ በሳምንቱ አዋላጇ ጠረጴዛ ዘንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እነዚህን ሴቶች በዓይንሽና በአጉሊ መነጽር ብቻ ነው ያየሻቸው?»

«ሌላ በምን ልያቸው? በጆሮዬ?»

ሳቀ። «ከረጢቱን ቆራርጠን በማይክሮስኮፕ ብናየውስ? ትንሽ ሥራ ይበዛብሻል እንጂ።»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ዶክተር» አለችው። ቀልዷን ነበር። በውስጧ ግን የተናደደችው ነገር ነበር፤ ያየችውን እንደገና እዪ መባሏ የመጠርጠር ያህል ተሰማት።

ቢሆንም የታዘዘችውን ሠራች። ከረጢቶቹን ሰም ውስጥ ነከረች፣ ሰሙ ሲደርቅ ከወረቀት አሳስታ ቆረጠች፣ ቀለም አስነካችና ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። የምትጠብቀው ጥቅጥቅ ያለ፣ ገና ያልነቃ የልጅ ከረጢት ነበር። ያየችው ሌላ ነው። በየቦታው የተሸበሸቡ፣ ባዶ የሆኑ ገለፈቶች ነበሩ። እያንዳንዷ እንቁላል የምታድግበት ቤት አላት፤ እንቁላሏ ስትወጣ ቤቱ ባዶውን ተጨማዶ ይቀራል። ልጅ ይህ የላትም። ደግሞም በዚህ ሙቅ ባሕር ገለፈቱ ብዙ አይቆይም፤ በማግሥቱ ወይም በሳልስቱ ሟሙቶ ይጠፋል። ከታየ ዓሣዋ ትናንት ወልዳለች ማለት ነው። አዋላጇ ሌላ ቁራጭ አስገባች። ያው ነው። ሌላም አስገባች።

ዶክተሩ ከጀርባዋ ቆሞ በተራው አየና መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ።

«አንቺ ልጃገረድ ያልሽው ሁሉ አራስ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የሚገርመኝ ሌላ ነው። መንደሩ በአራስ ተሞልቷል፤ አንዲት እርጉዝ ግን የለችም። አራስ ያለበት መንደር እርጉዝ እንዴት ይጠፋል? የት ሄደው ነው?»

አዋላጇ ልትስቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። እርጉዞቹ የት እንደሄዱ ታውቃለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት ተቀምጣ እንዴት እንዳላሰበችው ግን እሷም አታውቅም።

አባቷን ወደቡ «አባ ልቀቃት» ነው የሚለው። በዚያ ዳርቻ እንቁላል የያዘች ዓሣ አትገደልም የሚል የቆየ ልማድ ነበር፤ እሷን ብትበላት የነገውን በላህ ይባላል። እሱ ወጣት በነበረበት ጊዜ ልማዱ ላልቶ፣ የፈለገ የሚለቅ ያልፈለገ የሚሸጥ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሚስቱ ሞተች። አዋላጇ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ወሯ ገብቶ ምጥ ያዛት፤ ልጁ አግድም ተኝቶ አልወጣም አለ። ሁለት ቀን ካማጠች በኋላ አባቷ በጀልባ ጭኖ ባሕረ ሰላጤውን እየቀዘፈ አሻግሯት ሆስፒታል አደረሳት። እሱን ወደ ውስጥ አላስገቡትም። ሁለቱንም በአንድ ሣጥን ቀበራቸው።

ከሐዘኑ ተነስቶ ባሕር በወጣበት ቀን መረቡ መጀመሪያ ያወጣው ሆዷ የተወጠረ ትልቅ ዓሣ ነበር። ጓደኛው ሊመታት ዱላ ሲያነሳ «ልቀቃት» አለው። ሌላ ቃል አልተናገረም ይባላል። ከዚያ ወዲህ እርጉዝ የያዘች ጀልባ ሁሉ፣ እሱ ቢያይም ባያይም፣ መልቀቅ ጀመረች። ፈርተውት አይደለም፤ ማንንም የሚያስፈራ ሰው አይደለም። ሐዘኑን አክብረው ነው። እነሆ ያ አክብሮት ለእንግዳይቱም ዓሣ ተረፈ።

ጀልባዎቹ እርጉዟን እንደሚለቁ ለዶክተሩ ነገረችውና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ቤት ሄደች። ግቢው ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በፒንሳ የወጥመድ ሽቦ ያስራል።

«እንደምን ዋልክ አባዬ?»

«እንኳን መጣሽ። ጠረንሽ ቀድሞሽ ነው የደረሰው።»

አጠገቡ ቁጭ አለች። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አብጠው አይታጠፉም።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው?»

«ሙሽሪት ናታ። ስለቃት ወጋችኝ። ምስጋናዋ እንዲህ ነው» አለና ሳቀ።

«የትኛዋን ነው የምትለቀው?»

«ምን ማለትሽ ነው? እርጉዟን ነዋ! ይሄ ያንቺ ሥራ አይደል እንዴ? ሆዷ ይገፋል፤ ፊቷ አገጯ ሥር ነጣ ይላል። ያኔ ቀኗ ደርሷል ማለት ነው። ቀስ ብዬ ከሆዷ ደግፌ ውሃው ላይ አስቀምጣታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣች ጀምሮ። እርጉዝ አገር የላትም ልጄ። እንግዳም ብትሆን እርጉዝ እርጉዝ ናት።»

በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ለስላሳ ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ከዚህ ሰው ላይ ብዙ ነገር ሲወሰድ አይታለች፤ ይህቺን አንዲቱን ደግነት እሷው መጥታ ትውሰድበት? ግን ካልተናገረች ማን ይናገራል? ዶክተሩ በስብሰባ መካከል እንዲነግረው ትተወው?

«አባዬ ስማኝ። ይቺ እንደሌላው ዓሣ በዓመት አንዴ አይደለም የምትወልደው። በየሦስት በየአራት ቀኑ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ። ሁለት ልፋጭ የመሰሉ ድቡልቡሎች ትለቃለች፤ ሺህ በሺህ እንቁላል ታጭቆባቸው ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ።»

«እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» አለ እየሳቀ።

«የሚነካቸው ዓሣ የለም። ሲፈለፈሉ ወር ያህል በውሃው እየተነዱ ሄደው ድንጋይ ያገኙበት ይሰፍራሉ። ዓመት ሳይሞላቸው እነሱም ይወልዳሉ። ትንንሹ ዓሣ የጠፋው በእነሱ ነው። ትልቁም የሚበላው አጥቶ ነው የሄደው። አባዬ፣ ሁሉም ጀልባ እርጉዟን ይለቃል። ስላንተ ሲሉ ነው የሚለቁት። ለእኔ የሚደርሰኝ ወልዳ የጨረሰችው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ባዶ ሆዷን አይቼ አትወልድም አልኩ።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሄደ። ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ቁርጡን ንገሪኝ። ባሕሩን ያራቆትኩት እኔ ነኝ?»

«እኔም ነኝ። ልቀቃት ስትል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ማሰብ ነበረብኝ።»

«አንቺማ ያየሽውን ነው የተናገርሽው። ያላሳየንሽን ከየት ታምጪው?» ያበጡትን ጣቶቹን በሌላ እጁ አሻሸ። እሷን ሊያጽናና መሞከሩ ከምንም በላይ አሳመማት።

«ከእንግዲህ መጀመሪያ መግደል ያለባችሁ እርጉዟን ነው» አለችው። «መልቀሙ በአዲስ መልክ ሊጀመር ነው። እርጉዟ ከተለቀቀች የተቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።»

ሽማግሌው ፒንሳውን ከመሬት አንስቶ ወደ ወጥመዱ ሽቦ ተመለሰ።

«ሌላ ነገር ጠይቂኝ» አለ።

ስብሰባው በመረብ ማስቀመጫው መጋዘን ውስጥ ተደረገ። ዶክተሩ ስለ ሙሽሪት አወላለድ ተናገረ፤ ከጉዳዩ ጀርባ ማን እንዳለ አላነሳም፤ ማንሳትም አላስፈለገውም። ዓሣ አጥማጆቹ ሲሰሙ ቆይተው አንድ በአንድ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ተነስቶ ቢሳደብ ይሻል ነበር። ማንም ወደ አባ ልቀቃት ዞሮ አላየም፤ ቅጽል ስሙንም የጠራ አልነበረም። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንዲትም አትለቀቅ። የለቀቀ ጀልባው ከማኅበሩ ትወጣለች» አለ። እጅ አውጡ ሲባል አባቷም ከሁሉ ጋር ያበጠ እጁን አወጣ። አዋላጇ በሩ ሥር ቆማ አየችውና እፎይ አለች።

በቀጣዩ ሳምንት የበረዶ ሣጥኖቹ መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያውን ስትከፍት ለደቂቃ ያህል መቀሱን ማንሳት አቃታት። ለዓመታት የሉም ያለቻቸው እርጉዞች እዚያ ተደርድረዋል፤ ሆዳቸው ተወጥሮ፣ አገጫቸው ሥር ነጥቶ። አንዷን ስትከፍታት ከረጢቶቹ ሆዷን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል፤ እንቁላሎቹ ብርሃን እንደሚያስተላልፍ የብርጭቆ ዶቃ ጠርተዋል። ዶክተሩ እንደ ልጅ ደስ አለው። «በቃ፣ አሁን እናውቃታለን!» አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ መጥረጊያዋን አስደግፋ መጥታ አየች።

ከአንዱ ሣጥን በቀር ሁሉም እንዲሁ ነበር። ያኛው ወንዶችና ባዶ ሴቶች ብቻ ያሉበት ነው፤ በፊት ሲመጣላት እንደነበረው። በክዳኑ ላይ የተጻፈውን የጀልባ ቁጥር ማየት አላስፈለጋትም። በሁለተኛውም ጊዜ፣ በሦስተኛውም ያው ሆነ። የአባቷን ምስጢር የሚያወጣው ሌላ ማንም አልነበረም፤ የራሷ ጠረጴዛ ነው። ሌላው ሰው ባሕር ላይ ምን እንደሚያደርግ ማን ያያል? እሷ ግን ሆድ ከፍታ ታያለች።

«ይሄኛው ለየት ያለ ነው» አለ ዶክተሩ በአጠገቧ ሲያልፍ ወደ ሣጥኑ አንገቱን አስግጎ። «የማን ጀልባ ነው?»

«ገና አልጨረስኩትም» አለችው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ እያወቀች ስትዋሽ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

እሱም አልገፋም። «የማኅበሩ ሰዎች ዓርብ መጥተው ውጤቱን ይጠይቁኛል» ብሎ ብቻ ሄደ። የሚያውቅ ይመስላል፤ ደግ ሰው ስለሆነ ጊዜ ሰጣት።

ሲሄድ ከጎን ካለው ሣጥን ሁለት እርጉዞች አነሳች። ወደ አባቷ ሣጥን ብትጥላቸው ማንም አያውቅም። ጀልባው ትተርፋለች፣ ሽማግሌውም እንደ ልቡ ይለቃል። በጓንት ከያዘቻቸው ዓሣዎች ውሃው እየተንጠባጠበ ቆመች። ከዚያ ስለዚያ ዘበኛ ሆኖ ስለተቀጠረው ባለጀልባ አሰበች፤ በበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲገባ ሲወጣ ብድግ እያለ ሰላምታ የሚሰጠውን። አንዴ ሳታውቅ ዋሽታ የደረሰው ደርሷል። እያወቀች ብትደግመው ምን ልትባል ነው? ዓሣዎቹን ወደ ነበሩበት መለሰቻቸውና መታጠቢያው ጋ ሄዳ አለቀሰች።

ማታ አባቷ ቤት ጎራ አለች።

«ነገ አብሬህ ባሕር እወጣለሁ።»

«አንቺ? ጀልባ ላይ ገና ስትወጪ አይደል እንዴ የሚያጥወለውልሽ?»

«ያጥወለውለኝ።»

ዓይኗን አየና ለምን እንደመጣች ገባው። «ወፍራም ልብስ ልበሺ» አለ።

ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ሞተሩ እየተንደቀደቀ ከወደቡ ወጡ። ገና ሩብ መንገድ ሳይሄዱ የአዋላጇ ፊት አመድ መሰለ፤ አባቷ ከኪሱ የሎሚ ቁራጭ አውጥቶ ሰጣትና «ዓሣ ለባሕር ሰው ለየብስ» እያለ አሾፈባት። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ለምን እንደወጡ የረሱ መሰሉ። ዓሣ ከሚሰፍርበት የኮራል ድንጋይ በላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋና የወጥመዱን ገመድ መሳብ ጀመረ። እሷም ከኋላ ሆና ሳበችለት። ገመዱ ቀዝቃዛና የሚያንሸራትት ነው። የሽቦው ወጥመድ ውሃ እያፈሰሰ ወጥቶ ጀልባዋ ወለል ላይ አረፈ።

ሙሽሪቶች ብቻ ነበሩ ያሉበት፤ ሌላ አንድም ዓሣ አልነበረም። ክንፎቻቸው ከውሃ ሲወጡ ተጣብቀው ረጥቦ የወደቀ ጨርቅ መስለዋል። አባቷ ወፍራሙን ጓንት አድርጎ እጁን ሰደደና አንዷን አወጣ። ሆዷ ተወጥሯል፣ ፊቷ ነጥቷል። በመዳፉ ከሥር ደግፎ ያዛት፤ ሰው የተኛ ሕፃን እንደሚይዝ ነው የያዛት። ከዚያ እጁ ከጀልባዋ ጠርዝ አልፎ ወደ ውሃው ሄደ።

«አባዬ!»

እጁ በአየር ላይ ቆመ።

«አይታዘዘኝም» አለ ዓይኑን ሳያነሳ። «ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለሽ። ሣጥን ውስጥ እከታታለሁ ብዬ እይዛታለሁ፤ እጄ ራሱ ወደ ውሃው ይሄዳል። አንቺን እያሳጣሁሽ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሣጥኔ እንደሚናገርብኝም አውቃለሁ። የእኔ ልጅ አይደለሽ? የምትከፍችውን አውቃለሁ።»

«ስጠኝ።»

ለትንሽ ጊዜ ይዟት ቆየና ሰጣት። አዋላጇ ወለሉ ላይ አስተኛቻት፤ እሾኋን በጓንቷ ወደ ኋላ ተጭና የቢላውን ጫፍ ከጭንቅላቷ ኋላ አሳልፋ ሰካችው። ክንፎቹ አንዴ ተርገፈገፉና ረጉ። እሷ በዕድሜዋ ከቁጥር በላይ ዓሣ ከፍታለች፤ ሁሉም ግን በበረዶ ሞተው የመጡላት ናቸው። በእጇ ስትገድል ይቺ የመጀመሪያዋ ነበረች።

«አመማት?» አለ አባቷ።

«አላመማትም። ቶሎ ነው የሚያልቀው።»

ቢላውን አየ። ከዚያ ዓሣዋን አየ። ዓመታት ሙሉ ማንንም ያልጠየቀውን ጥያቄ፣ ሰዓት ስንት ነው እንደሚል ሰው በተራ ድምፅ ጠየቃት።

«እናትሽንስ?»

አዋላጇ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በአክስቷ ጭን ላይ ተኝታ ነው ያደረችው፤ ያየችው ነገር የለም። ግን ስለ ማሕፀን የምታውቀው ከምትፈልገው በላይ ነው። በሥራዋ ምክንያት ስለ ሰውም አንብባለች። አግድም የተኛ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ እናቱን ምን እንደሚያደርጋት፣ ሥጋዋ የት ጋ እንደሚቀደድ፣ ደሙ ወዴት እንደሚፈስ ታውቃለች። ያማል። ከዚያ የሚብስ ሕመም እንዳለም አታውቅም። ሽማግሌው ፊቷን ትክ ብሎ እያየ ይጠብቃል።

«አላመማትም አባዬ» አለች፤ ዓይኗን ወደ ውሃው መልሳ።

አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

«ሐኪሙም ያኔ እንዲሁ ነበር ያለኝ» አለ። «እንዳንቺው ወደ ሌላ እያየ።»

እንባዋ በአፍንጫዋ ወርዶ ጓንቷ ላይ ተንጠባጠበ። እሱ አላለቀሰም። ጀልባዋ ከወገቧ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ወጥመዱ ውስጥ የቀሩት ሽቦውን ይጫጫሩታል።

«ቢላውን አምጪ» አለ።

«እኔው እጨርሰዋለሁ። አንተ ተቀመጥ።»

«አንቺ አይደለሽም የለቀቅሻቸው። አምጪ።»

ሰጠችው። ያበጡት ጣቶቹ እጀታውን በደንብ መጨበጥ ስላልቻሉ በሁለት እጁ ያዘው።

«ወደዚያ ዙሪ» አላት። «አንቺ ይሄን አትይ።»

አርባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ሆድ ስትከፍት የምትውል ሴት፣ እንደ ልጅ ታዘዘችውና ወደ የብስ ዞረች። ወደቡ ሩቅ ነበር፤ መጋዘኑና የቆሙት ጀልባዎች ይታያሉ። ከጀርባዋ የወጥመዱ በር ሲከፈት ሰማች። ትንሽ ቆይቶ የአባቷ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ አጠገቡ ላለ ሰው የሚነገር ያህል «ይቅር በይኝ» አለ፤ ቢላው ከእንጨቱ ጋር ተጋጨ። እንደገና በሩ ተንጫረረ፤ እንደገና «ይቅር በይኝ» አለ። ስንት ጊዜ እንዳለ አልቆጠረችም።